ዕቃው አዲስ፣ ሞተሩ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ለምን?

ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን ዕቃ፣ አስቀይራችሁ ከጋራዥ ወጣችሁ። ሂሳብ ተከፍሏል። አሮጌዎቹ ካንዴላዎች በካርቶን ተጠቅልለው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሙ ግን መሪው እጃችሁ ላይ ይርገበገባል። የአርፒኤም (የሞተሩ ዙር በደቂቃ) ቀስቷ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሞተሩ ሊጠፋ ይልና እንደገና ነፍስ ይዘራል። ነዳጅ ስትሰጡት ደህና ነው። ስትቆሙ ያው ነው።

ጠዋት ስትገቡ እንዲህ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሁለት ሐሳብ አንዱን ይይዛል። ወይ «ፎርጅድ ዕቃ ሸጡልኝ» ይላል፣ ወይ «ሌላም የተበላሸ ነገር አለ» ብሎ ቀጣዩን ዕቃ ሊገዛ ይሄዳል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ አዲሱ ዕቃ ጋ ለመድረስ እጅ በምን በምን በኩል አለፈ? ምን ተፈታ፣ ምን ተነቀለ፣ ምን ገለል ተደረገ?

## ሚኒሞ ማለት ምንድን ነው?

መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት ሞተሩ ተነስቶ፣ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ፣ ራሱን ችሎ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። አብዛኛው የቤንዚን ሞተር ከሞቀ በኋላ በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በብርድ ሲነሳ ከዚያ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል። ያ ጤነኛ ነው።

አራት ሲሊንደር፣ ማለትም ነዳጅ የሚቃጠልበት ክፍል፣ ያለውን ሞተር እንውሰድ። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ያቃጥላል። ሞተሩ በደቂቃ 750 የሚዞር ከሆነ አንዱ ሲሊንደር በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል፣ አራቱ ተደምረው ደግሞ 25 ጊዜ ሞተሩን ይገፉታል ማለት ነው። ከእነዚህ ግፊቶች አንዳንዱ ሲጎድል እጃችሁ፣ ወንበራችሁ፣ መስታወታችሁ ይነግራችኋል።

በፍጥነት ላይ ግን አይታወቅም። ብስክሌት አስቡ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ብስክሌት ለትንሽ ነገር ይወላገዳል። ፍጥነት ሲይዝ ያው ጋላቢ፣ ያው ጎማ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሞተርም ሲዞር ቮላኖው፣ ማለትም ከኋላው የታሰረው ከባድ ክብ ብረት፣ የጎደለውን ግፊት እየተሸከመ ያሳልፈዋል። «ነዳጅ ስሰጠው ይድናል» የሚባለው ለዚህ ነው። አልዳነም፣ ተሸፍኖ ነው እንጂ።

## ከመንቀጥቀጡ የሚሰማ ነገር አለ?

አለ። መከለያውን ሳትከፍቱ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

መንቀጥቀጡ ምት አለው? ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ እያለ እኩል በእኩል የሚመላለስ ከሆነ አንድ ሲሊንደር ሥራ አቁሟል ወይም እየቆራረጠ ነው። ካንዴላ፣ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው)፣ ኢንጀክተር (ነዳጁን የሚረጨው) ወደሚባለው ሰፈር ይወስዳችኋል። ቀስቷ ግን እንደ ማዕበል ቀስ ብላ ከፍ፣ ቀስ ብላ ዝቅ የምትል ከሆነ የሞተሩ ኮምፒውተር ሚኒሞውን ሊያረጋጋ እየሞከረ አልሆንለት ብሎ ነው። ያኔ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አየር ነው።

ሦስተኛም አለ። ቀስቷ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ድምፁም እኩል ነው፣ መኪናው ግን ይርገበገባል። ይሄኛው የሞተር በሽታ ላይሆን ይችላል። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያዙት ጎሚኒዎች በቅርቡ ተቀይረው ከሆነ፣ አዲሱ ጎሚኒ ከአሮጌው ጠንከር ያለ መሆኑ ወይም ብሎኑ ሞተሩ ጠመም ብሎ ሳለ መጥበቁ የሞተሩን የተለመደ ንዝረት በቀጥታ ወደ ወንበራችሁ ያስገባዋል። ብሎኖቹን አላልቶ፣ ሞተሩ በቦታው እስኪያርፍ ጠብቆ፣ እንደገና ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

## አንድ ቱቦ እንዴት ይህን ሁሉ ያደርጋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከጋራዥ በኋላ የሚመጣ የሚኒሞ ችግር ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው።

ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለአንድ ግራም ነዳጅ 14.7 ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ይህን ሒሳብ የሚሠራው የሚገባውን አየር በመለካት ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ የአየር መለኪያ ሴንሰር አለ። በእሱ በኩል ያለፈው አየር ይቆጠራል፣ ነዳጁም በዚያው ልክ ይረጫል። ከሴንሰሩ በኋላ ባለ ቀዳዳ ሾልኮ የገባ አየር ግን በቆጣሪው አላለፈም። ለእሱ የሚሆን ነዳጅ አልታዘዘም። ድብልቁ ይሳሳል፣ ማቃጠሉ ይቆራረጣል።

በስትሮ ስትጠጡ ስትሮው ጎኑ ላይ ቢሰነጠቅ የምትስቡት አየር እንጂ መጠጥ አይሆንም። ሞተርም በሚኒሞ ላይ የሚተነፍሰው አፉ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ስለሆነ ከውስጥ አጥብቆ ይስባል። ትንሿን ክፍተት ያገኛታል።

መጠኑን እንየው። 2 ሊትር የሆነ ሞተር በሚኒሞ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ግራም ገደማ አየር ይስባል። በተሰነጠቀ ቱቦ ግማሽ ግራም ቢገባ ትልቅ ድርሻ ነው። ነዳጁ ተረግጦ ሞተሩ በሰከንድ በአሥር የሚቆጠር ግራም ሲስብ ያቺው ግማሽ ግራም ከቁጥር አትገባም። አንድ ማንኪያ ጨው በስኒ ውሃና በባልዲ ውሃ ውስጥ እንደማለት ነው። በዚያ ላይ ነዳጁ ሲረገጥ የአየሩ በር ሰፊ ስለሚከፈት የውስጡ ስበት ራሱ ይቀንሳል።

ይሄ በእኔው መኪና ላይ ደርሷል። ካንዴላ ከተቀየረ በኋላ ሚኒሞው ወደ 500 ወርዶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ኮይል ነው» ተባልኩ፣ አራት ኮይል ገዛሁ። ለውጥ የለም። «ኢንጀክተር ይታጠብ» ተባለ፣ ታጠበ። ለውጥ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። በመጨረሻ ያየልኝ ጠና ያለ መካኒክ ስለ በሽታው አልጠየቀኝም። «መጨረሻ ላይ ምን ነክተውልህ ነበር?» ብቻ አለኝ። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ እጁን ከአየር መግቢያው ሥር አስገብቶ ዳበሰ። አንድ ጣት የሚያህል የጎማ ቱቦ ተነቅሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። የተነቀለበት አፍ ፉጨት ያሰማል። አውራ ጣቱን አፉ ላይ ሲያደርግ ሞተሩ ረጋ። ሲያነሳው ተንቀጠቀጠ። እንደ ዋሽንት ነፊ ሁለት ሦስት ጊዜ ደገመውና ሳቀ። ቱቦው ጫፉ ላይ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። ካንዴላው ሲቀየር ገለል ለማድረግ ሲጎተት ለቀቀ እንጂ ማንም ሆን ብሎ አልነቀለውም። የጎደለችኝ አንዲት ቁራጭ ቱቦና አንድ ፋሸታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ነበረች። አራቱን ኮይሎች ግን ማንም አልመለሰልኝም።

የዓመታት ሙቀት የጋገረው ጎማና ፕላስቲክ ካልተነካ ይቆያል፣ ሲነካ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በተሠራበት አካባቢ እያንዳንዱን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይንም በእጅም ተከተሉ። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ትልቁ ቱቦ እጥፋቶቹ መሃል መሰንጠቅ ይወዳል፤ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ እዩት። ፍሬን ስትረግጡ ወደሚያግዛችሁ ክፍል፣ ወደ ፍሬን ሰርቮው፣ የሚሄደውን ቱቦ አትርሱ። አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ወርዶ ከነበረ ጓርኒሲዮኑ (መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ተቀይሯል ወይስ አሮጌው ተመልሷል? ኢንጀክተር ወጥቶ ከነበረ ትንንሾቹ ኦሪንጎች (የጎማ ቀለበቶች) ሳይታጠፉ ገብተዋል?

አንዳንዴ ነገሩ ከዚህም ቀሎ ይገኛል። ዘይት ተቀይሮ የዘይት ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም። ወይም የዘይት መለኪያው ዘንግ እስከ መጨረሻ አልተገፋም። የሞተሩ ሆድ በቫልቭ በኩል ከአየር መግቢያው ጋር ስለሚገናኝ በብዙ ሞተሮች ላይ ይህችው ክፍተት ሚኒሞውን ታናውጣለች።

## ቀዳዳውን በዓይን ካላገኘሁትስ?

ጥሩ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ሞተሩን አጥፍቶ በአየር መግቢያው ውስጥ ጭስ ይነፋል። ጭሱ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

የድሮው ዘዴ ሞተሩ እየሠራ የካርቡራተር ማጠቢያ ስፕሬይ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ መርጨት ነው። ስፕሬዩ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይቀየራል። ይሠራል፣ ግን ስፕሬዩ እንደ ነዳጅ የሚቀጣጠል ነው። የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ወይም ብልጭታ ያለበት ቦታ ላይ ካረፈ እሳት ነው። እኔ አልመክረውም። በምትኩ በጎማ ቱቦዎቹ ላይ ውሃ በስሱ እየነፉ ማዳመጥ ይቻላል። ቀዳዳው ውሃውን ሲስብ ፉጨቱ ለአፍታ ይቆማል ወይም ሞተሩ ይለወጣል። የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹን ግን አታርጥቡ። እጃችሁንና ልብሳችሁን ከማራገቢያው አርቁ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማራገቢያ ሳያስጠነቅቅ ይነሳል።

## ካንዴላው ራሱ ቢሆንስ?

ይሆናል። አዲስ ማለት ጤነኛ ማለት አይደለም። የካንዴላው ነጭ ሸክላ ሲጠብቅ ቁልፉ ጠመም ካለ በፀጉር ያህል ይሰነጠቃል። ያኔ ብልጭታው ጫፉ ላይ መዝለሉን ትቶ በስንጥቁ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ይሾልካል። መሬት ላይ የወደቀ ካንዴላ ደግሞ ጫፉ ታጥፎ ክፍተቱ ሊጠብ ይችላል። ክፍተቱ በአብዛኛው መኪና ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር መኪናው መመሪያ ላይ አለ። ኢሪዲየም ካንዴላ ከሆነ ጫፉ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ ክፍተቱን እነካካለሁ ብሎ መስበር ቀላል ነው።

ከካንዴላው በላይ ኮይሉ አለ። በሶኬቱ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ «ጠቅ» ካላለች ሶኬቱ የገባ ይመስላል እንጂ አልያዘም። በሚኒሞ ንዝረት ይነካል፣ ይላቀቃል። የካንዴላ ገመድ ያለው የቆየ መኪና ከሆነ ሁለት ገመዶች ተቀያይረው ሊሆን ይችላል። በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር የማቃጠል ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ተራው ከተዛባ ሞተሩ ያስነጥሳል፣ አቅምም ያጣል። የእያንዳንዱን መኪና ተራ ግን ከመመሪያው ማየት ነው።

ኮይል ለመለየት የሚያስወጣ ነገር የለም። የሚቆራረጠው ሁለተኛው ሲሊንደር ከሆነ ኮይሉን ከሦስተኛው ጋር አለዋውጡት። ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ወደ ሦስተኛው ከሄደ ኮይሉ ነው። እዚያው ሁለተኛው ላይ ከቀረ ኮይሉን ተዉትና ካንዴላውንና ኢንጀክተሩን እዩ። ይህን ሞተሩ ጠፍቶ አድርጉ። ከኮይል የሚወጣው ኤሌክትሪክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።

## ምንም ሳይበላሽ ሚኒሞ ሊረበሽ ይችላል?

ይችላል፣ ይሄ ብዙ ሰው ያደናግራል። ኮምፒውተሩ ከጊዜ ጋር ይማራል። ትሮትል ቦዲው፣ ማለትም አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋው በር፣ ጥቀርሻ ሲይዝ ኮምፒውተሩ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጎ ያካክሳል። ይህን ልማድ ያስታውሰዋል።

አሁን በሩ ታጥቦ ጸዳ እንበል። ኮምፒውተሩ በድሮው ልማድ ገርበብ ሲያደርገው የሚገባው አየር በዛ። ሚኒሞው ወደ ላይ ይወጣል። ወይም ባትሪ ተቀየረና ልማዱ ጠፋ። በሩ ገና ጥቀርሻ አለበት፣ ኮምፒውተሩ ግን እንደ አዲስ መኪና በትንሹ ብቻ ይከፍተዋል። አየር ያንሳል፣ ሞተሩ መብራት ላይ ይጠፋል። ሰውየው «ባትሪ ቀይሬ ሞተር ተበላሸ» ይላል።

ብዙ መኪና ጥቂት ከተነዳ በኋላ ራሱ ይማራል። አንዳንዱ ግን የራሱ ሥርዓት አለው፤ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ደረጃ በደረጃ መከተል ወይም በስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ መመርመሪያ) ማስተማር ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን በር ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ በጣት መግፋት ግን በሩን የሚያዞረውን ትንሽ ጊር ሊጎዳ ይችላል፤ አታድርጉት።

የአየር ፊልትሮ ከቀየራችሁ በኋላ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ በደንብ መዘጋቱን፣ የአየር ሴንሰሩም ሶኬት መያዙን እዩ። የሴንሰሩ ሽቦ በጣት ወይም በጨርቅ አይነካም። ለእሱ ብቻ የተሠራ ስፕሬይ አለ።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ላይ አይመካም። እዚያ የነዳጅ ፊልትሮ ተቀይሮ ሚኒሞ ከተናወጠ የመጀመሪያው ጥርጣሬ መስመሩ ውስጥ የቀረ አየር ነው። ስፑርጎ ይደረግ፣ ማለትም አየሩ ከመስመሩ ይውጣ።

## መንዳት ማቆም ያለብኝ መቼ ነው?

ሁለት ጊዜ።

አንደኛው የተቀየረው የታይሚንግ ቺንጋ ወይም ካቴና ከሆነ ነው። እነዚህ ከላይ ያሉት ቫልቮች ከታች ካሉት ፒስተኖች ጋር ተራቸውን ጠብቀው እንዲከፈቱ ያደርጋሉ። መካኒኮች ፋዝ ይሉታል። አንድ ጥርስ ብቻ ከተዛነፈ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፣ ግን ሚኒሞው ይናወጣል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቩና ፒስተኑ በተለያየ ጊዜ ያንኑ ቦታ ይጋራሉ። ፋዙ በብዙ ከሳተ ይጋጫሉ። ቺንጋ ተቀይሮ በዚያው ቀን ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ «እስቲ ትንሽ ልንዳውና ልየው» አይባልም። አጥፍቶ ምልክቶቹን እንደገና ማስተያየት ነው።

ሁለተኛው የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ነው። ዝም ብሎ የበራ መብራት «አስመርምረኝ» ነው። ብልጭ ድርግም የሚለው ግን ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው ማለት ነው። ይህ ነዳጅ እዚያ ያለውን ጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊስቱን፣ አግሎ ያበላሸዋል። ዋጋውን የሚያውቅ ሰው መኪናውን ዳር ያቆማል።

## ስካነር ማስገባት ችግሩን አይነግረኝም?

ሰፈሩን ይነግራችኋል፣ ቤቱን ግን አይነግራችሁም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጡ መኪናዎች ኦቢዲ 2 የሚባለው የጋራ ሶኬትና የኮድ ቋንቋ ግዴታ ሆኗል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ፒ0301 ካለ አንደኛው ሲሊንደር እየቆራረጠ ነው፣ ፒ0302 ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፒ0300 ደግሞ አንድ ቦታ ያልረጋ መቆራረጥ ነው። ፒ0171 ድብልቁ ሳስቷል ይላል። ኮዱ «ኦክስጅን ሴንሰሩ (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው) ድብልቁ ሳስቷል አለ» ማለቱ ሴንሰሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ወሬ ነጋሪውን እንደመቅጣት ሆኖ ስንቱ ደህና ሴንሰር ይቀየራል።

ከኮዱ ይልቅ የሚጠቅመው የነዳጅ ማካካሻው ቁጥር ነው፤ ስካነሩ ላይ ፊውል ትሪም ተብሎ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ከመደበኛው በላይ ስንት በመቶ ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ያሳያል። በሚኒሞ ፕላስ 20 ሆኖ በ2500 ዙር ወደ ፕላስ 4 ከወረደ ቆጣሪ ያላየው አየር ይገባል፤ ወደ ቱቦዎቹ ተመለሱ። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዙሩ ሲጨምር እየባሰ ከሄደ ግን የነዳጅ ፓምፕን፣ የነዳጅ ፊልትሮን ወይም የአየር ሴንሰሩን ጠርጥሩ።

## ወደ ጋራዡ ልመለስ?

ተመለሱ፣ ግን «አበላሻችሁብኝ» ብላችሁ አትግቡ። ቀኑን ሙሉ ክርክር ይሆናል። «ሞተሩ ሲገባ እንዲህ አልነበረም፤ ለመቀየር ምን ምን እንዳወረዳችሁ አብረን እንየው» በሉ። የሠራው ልጅ የነቀለውን ያስታውሳል፤ ብዙ ጊዜ እጁ በቀጥታ ችግሩ ላይ ያርፋል።

ኋላ ወንበር ላይ በካርቶን የተጠቀለለውን አሮጌ ዕቃም ይዛችሁ ግቡ። ሳይሰበር የተቀየረ፣ በእርጅና ብቻ የወጣ ዕቃ ከሆነ ለአሥር ደቂቃ መልሶ መግጠም ከማንኛውም ስካነር የበለጠ ይናገራል። አሮጌው ገብቶ ሞተሩ ከረጋ አዲሱን ከነካርቶኑ ለሻጩ። አሮጌው ገብቶም ከተንቀጠቀጠ ዕቃው ነጻ ወጣ፤ አሁን የእጅ ባትሪ አብሩና ከሥር ያሉትን ቱቦዎች እዩ።